ቫዝሊን የተቀባው እባብ

«በረንዳ ላይ ማውጣት ነው፤ ብርዱ ራሱ ይጨርሰዋል» አለች አይዳ በስልክ። ድምጿን ዝቅ አድርጋለች፤ ግን ወጥ ቤቱና ሳሎኑ በአንድ ባንኮኒ ብቻ በሚለያዩበት በዚህ የሚኒሶታ፣ ኢገን አፓርታማ ውስጥ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ራስን ከማታለል አያልፍም። «ምን ይሠራልኛል? ቀኑን ሙሉ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነው የሚውለው። አይናገር፣ አይጋገር። እሱን ለማሞቅ መብራት የምከፍል እኔ! ለልጅቷ ሞቶ አገኘነው እላታለሁ፤ በቃ።» ወንድሟ እሸቴ ሶፋው ላይ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ይህን ሁሉ ሰማ። ከመስከረም ጀምሮ የሚኖረው እዚህ ሶፋ ላይ ነው። ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ ቀን ተጠቅልሎ ይተኛል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ አፉን አይከፍትም። የመብራቱንም ነገር፣ እውነት ለመናገር፣ ቸል ብሎታል። ግን ብርድ? የገዛ እህቱ? እመብርሃንን መጥራት ሲጀምር አይዳ ቀጠለች፤ «ምግብ እንደሆን ከቅበላ ወዲህ አልቀመሰም።» እሸቴ ትንፋሹን ለቀቀ። እሱማ ትናንት ማታ የድስቱን ቂጥ ጠርጎ ነው ወደ ሥራ የወጣው። የሚወራው ስለ እባቡ ነው።

እባቡ ኬቨን ይባላል። ስሙን ያወጣችለት የአይዳ ልጅ ሩት ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ በእንግሊዝኛ ሲያናግሯት ደግሞ ዝም ትላለች። እባቡን የገዛላት አባቷ ሳህሉ ነው። ሳህሉ ከአይዳ ጋር ከተፋታ በኋላ ሴንት ፖል ገብቶ ዘመናይ የምትባል ልጅ አግብቷል። ለሩት ልደት «የፈለግሽውን ጠይቂኝ» ብሎ አፉን አመለጠው፣ ልጅቷም እባብ አለች፣ እሱም ለአንድ ጊዜ ቃሉን ጠበቀ። ችግሩ ዘመናይ ነፍሰ ጡር መሆኗ ነው። ነፍሰ ጡር እባብ ካየች የምትወልደው አይታወቅም ተባለና ኬቨን ሴንት ፖል አንዲት ሌሊት እንኳ ሳያድር፣ ከነመስታወት ሳጥኑ፣ ከነአምፖሉ ወደ ኢገን ተላከ። አይዳን ያንገበገባት ይኼ ነው። «ለሷ ሆድ የተፈራው ለኔ ቤት አልተፈራም! የእባብ ልጅ እፉኝት! እሱ መሄዱ አንሶ ወኪሉን ላከብኝ» ትላለች። በዚያ ላይ ፍሪዘሯን ከፍታ የተልባ ዱቄት ስትፈልግ እጇ የሚያርፈው የኬቨን ቀለብ በሆነው፣ በላስቲክ የታሸገ፣ ድርቅ ያለ የበረዶ አይጥ ላይ ነው። በሁዳዴ! ከሥጋ ርቃ፣ ከወተት ርቃ፣ ከቅቤ ርቃ፣ ፍሪዘሯ ውስጥ አይጥ!

ስልኩን ዘግታ መጣችና ሶፋው ጫፍ ላይ ቆመች። ካፖርቷን ለብሳለች፣ ምሳ ዕቃዋን ይዛለች። «እንደተኛህ አታስመስል፤ ሰምተሃል» አለችው። «አባ ሰረቀብርሃን ዛሬ ማታ ቤት ሊባርኩ ይመጣሉ። ከሥራ ስመለስ እኔው ነኝ የማመጣቸው። እስከዚያ ያ ነገር ከዚህ ቤት ይጥፋ።» አባ ሰረቀብርሃን የንስሐ አባቷ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ጸሎታቸውም ይደርሳል ይባላል፤ አፋቸው ግን ከቅዳሴ ሰዓት ውጪ አይዘጋም። በጾሙ የንስሐ ልጆቻቸውን ቤት እየዞሩ ጠበል ሲረጩ፣ እዚህ ቤት ያዩትን እዚያ ቤት እያራገፉ፣ እዚያ ቤት የሰሙትን ወደ ሌላው እየተሸከሙ ነው የሚሄዱት። እባቡን ያዩ እንደሆነ በሚመጣው እሑድ «አይዳ ባሏ ከሄደ ወዲህ እባብ ታመልካለች» መባሉ አይቀርም። የፍቺው ወሬ ራሱ ገና ሳይበርድላት!

«እኔ ነኝ የማወጣው?» አለ እሸቴ ተነሥቶ እየተቀመጠ።

«እና ማን ይሁን? ከልጅነትህ ጀምሮ እባብ ገዳይ አይደለህ?»

ልጆች ሆነው ጉለሌ፣ ማገዶ ቤታቸው ውስጥ እባብ ተገኝቶ ነበር። የገደሉት የጎረቤት ዘበኛ ናቸው። እሸቴ ያደረገው ነገር ቢኖር የሞተውን በረጅም እንጨት አንጠልጥሎ ሰፈሩን መዞር ነው። ግን ሰፈርተኛው ያየው እንጨቱንና እሸቴን ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቤተሰቡ ውስጥ እባብ፣ ጊንጥ፣ የሚበር በረሮ በተነሣ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው። በዚህ ዝና ስንት ዘመን በልቶበታል፤ ዛሬ ተነሥቶ «እኔ እንኳ የላስቲክ ቱቦ ያስደነግጠኛል» ሊል አይችልም። «ሩት ብትሰማስ?» ብቻ አለ። «ማን ይነግራታል? አንተ?» አለችና በሩን ዘግታ ወጣች። ፍሪድሊ ያለው ፋብሪካ ድረስ ነድታ፣ ሰው ልብ ውስጥ የሚገባ ፀጉር የሚያህል ሽቦ በማጉያ መነጽር እያየች ስትገጣጥም ትውላለች። የሰው ልብ እንዳይቆም ቀኑን ሙሉ የምትደክም ሴት አንዱን ፍጡር በብርድ ለማስገደል አዝዛ መውጣቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ ደክሟት ነው።

እሸቴ መጀመሪያ ሻይ አፈላ። ቀጥሎ ጢሙን ተላጨ፣ ለእባብ መላጨት ምን እንደሚያደርግ እሱ ይወቅ። ቀጥሎ ቴሌቪዥን ከፍቶ ስለ አየሩ ሁኔታ ሰማ፤ ውጪው ከዜሮ በታች ነው፣ ከነፋሱ ጋር ሲደመር ደግሞ ባይነገር ይሻላል። ማምለጫ ሲያጣ የበረዶ ጓንቱን አጠለቀ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አወረደ፣ በአንገት ልብሱ አፉን ሸፈነና የሩትን ክፍል ከፈተ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሸቴ ግን ገና እባቡን ሳያይ ነው ወለሉ ላይ ከተጣለው የሩት ቀበቶ የበረየው። ልቡ እስኪመለስ በሩን ተደግፎ ቆመ። ክፍሉ ሞቃት ነው፤ የእርጥብ ካልሲና የአናጢ ቤት ሽታ ተቀላቅሎበታል። የመስታወቱ ሳጥን ከልብስ መሳቢያው በላይ ነው። ውስጡ የእንጨት ፍቅፋቂ ተነጥፏል፣ ከላይ ቀይ አምፖል በርቷል፣ ጥግ ላይ ደግሞ የእጅ አንጓ የሚያህል ቡናማ ነገር ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ያየው ግን የጠበቀውን አልነበረም። ይህ ፍጡር ሊያስፈራራ ቀርቶ ራሱን ማንሳትም የከበደው ይመስላል። ቆዳው በቅባት ያብለጨልጫል፤ ቅባቱ ላይ ከራስ እስከ ጅራት የእንጨት ፍቅፋቂ ተለጥፎበት ዱቄት ውስጥ የተንከባለለ ሥጋ መስሏል። አንገቱ አካባቢ ቆዳው እንደ አሮጌ ቀለም ተቀርፎ ተንጠልጥሏል። ዓይኖቹ ሁለቱም ሰማያዊ ነጭ ሆነው ደፍርሰዋል። እሸቴ ይህን ዓይን ያውቀዋል። አባታቸው በመጨረሻ ዘመናቸው፣ የዓይን ሞራ ይዟቸው፣ ሰው በገባ ቁጥር «ማነህ?» እያሉ ወደ ግድግዳው የሚያዩበት ዓይን ነው። አሳዘነው፤ ሌላ ቃል የለውም። ቢሆንም ሶፋው የአይዳ ነው፣ ድስቱም የአይዳ ነው። ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፈነና አቅፎ አነሣው፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ «እግዚኦ፣ እግዚኦ» እያለ፣ በእግሩ እየዳሰሰ ሳሎን ደረሰ። በክርኑ የበረንዳውን መስታወት በር ገፋ ሲያደርገው ብርዱ እንደ ጥፊ አገኘው። የሩት ትምህርት ቤት ያን ቀን በግማሽ ቀን እንደሚለቅ ደግሞ ማንም አልነገረውም።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለች ሩት ከኋላው። ቦርሳዋን እንደተሸከመች በሩ ላይ ቆማለች። ያለችው በአማርኛ ነው፤ በዚህ ቤት ውስጥ ሩት በአማርኛ ከተናገረች ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው።

«አየር ላስቀበለው ብዬ» አለ እሸቴ በአንገት ልብሱ ውስጥ።

ልጅቷ ጓንቱን አየች፣ ኮፍያውን አየች፣ ብርድ ልብሱን አየች። ሄዳ የበረንዳውን በር በእግሯ ዘጋችው። ትጮኻለች ብሎ ሲጠብቅ ሩት ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችና ማልቀስ ጀመረች። ከፊሉን በእንግሊዝኛ፣ ከፊሉን በተሰባበረ አማርኛ እንደነገረችው ከሆነ ኬቨን እየታወረ ነው፤ ያሳወረችውም እሷ ናት። ከጥቂት ሳምንት በፊት ቆዳው አመድ መሰለባት። አመድ የመሰለ ቆዳ ምን እንደሚደረግ ደግሞ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እናቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በክረምት ጠዋት ጠዋት «አመድሽን ይዘሽ ልትወጪ ነው? ሰው ምን ይለኛል?» እያለች ከግንባሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቫዝሊን ታሸቻት የለም እንዴ? ሩትም ቫዝሊኑን ከመታጠቢያ ቤት አምጥታ ኬቨንን ጥሩ አድርጋ አሸችው። አመዱ ባሰ፤ እሷም ቅባቱን ጨመረች። ቀጥሎ ዓይኑ ደፈረሰ፣ መብላት ተወ። ማንን ትጠይቅ? አባቷ የዘመናይ ሆድ ከገፋ ወዲህ ስልክ አያነሣም። እናቷ ደግሞ የኬቨን ስም ሲጠራ ታማትባለች።

«አንተ ታውቃለህ አይደል ጋሼ?» አለች አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «እማዬ እባብ የሚያውቅ አንተ ነህ ብላኛለች።»

«በደንብ ነዋ!» አለ እሸቴ። አፉን ምን እንደከፈተው እሱም አያውቅ። ቀጥሎ የልጅቷ ፊት ሲበራ አይቶ ደነገጠና ማፈግፈግ ጀመረ። «እርግጥ የኛ አገር እባብ ሌላ ነው… ቫዝሊን አይቀባም። የዚህ አገሩን ለማረጋገጥ ያህል የገዛችሁበት ሱቅ ሄደን ብንጠይቅ አይከፋም።»

ኬቨን በትራስ ልብስ ውስጥ ታስሮ፣ በሩት ካፖርት ሥር ደረቷ ላይ ተለጥፎ ታክሲዋ ውስጥ ገባ። እሸቴ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። በሬዲዮው ኤርፖርት ሰው እየጠበቀ ነው እያሉ ሲጠሩት ዘጋው። የሚኒሶታ ወንዝን ተሻግረው በሲዳር ጎዳና ወደ ሰሜን ሲነዱ መንገዱ በጨው ነጥቷል፣ የፊት መስታወቱም በጨው ውሃ ይደፈርሳል፤ እሸቴ በየደቂቃው ውሃ እየረጨ ያጸዳዋል። ሩት ወደ ውጪ እያየች፣ በእንግሊዝኛ፣ «ልትገድለው ነበር፤ አይደል?» አለችው። እሸቴ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «እማዬ ናት ያዘዘችህ?» እሸቴ የጠራውን መስታወት እንደገና ውሃ ረጨው፤ ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። የሩት እጅ በካፖርቷ ላይ፣ ኬቨን ባለበት በኩል፣ ቀስ ብሎ ወጣ ወረደ።

«ቢሞት እማዬን አላናግራትም» አለች። «አሁንም አላናግራትም፤ ግን አሁን ከፈለግኩ እችላለሁ። ያኔ አልችልም።»

እሸቴ እናትና ልጅ ከፍቺው ወዲህ የሚነጋገሩት «በላሽ?»፣ «አዎ»፣ «ተኛሽ?»፣ «አይ» ብቻ እንደሆነ ያውቃል፤ ሶፋው ላይ ሆኖ በየቀኑ ይሰማዋል። ልጅ ናትና ፍቺው ይረሳታል ብሎ ነበር። አልረሳትም፤ በር ገርበብ አድርጋ እየጠበቀች ነው። ያችን በር የሚዘጋት ደግሞ እሱ፣ በገዛ እጁ፣ በበረዶ ጓንት! ይህ እባብ ዛሬ መሞት የለበትም፤ ሶፋው ቢቀር ይቅር።

ሌክ ስትሪት ላይ ያለው ሱቅ ጠባብ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሳጥን ተሞልቶ የሚድህ፣ የሚሳብ፣ የሚንጠለጠል ሁሉ አለበት። እሸቴ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መሐል ለመሐል ነው የሚሄደው። የአይጥ ዋጋ ተለጥፎ ሲያይ ቆመ፤ አንዷ አይጥ ከሦስት ዶላር በላይ። በጉለሌ ሰው አይጥ ለማጥፋት የጎረቤት ድመት ይለምናል፣ እዚህ አገር ገዝቶ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጣል። ሻጩ አንገቱ ድረስ የተነቀሰ፣ ጆሮው ላይ ጠርሙስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ጎረምሳ ነው። ኬቨንን ከትራስ ልብሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ጣቱን ቆዳው ላይ አሽቶ አሸተተ፣ ደግሞ አሸተተ። «ምንድን ነው የቀባችሁት?» ሩት ነገረችው። ጎረምሳው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እሸቴ ስለ ቤተሰቡ ክብር ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጎረምሳው ግን ስቆ እስኪበቃው ድረስ አልተነሣም።

ከተነሣ በኋላ ግን በደንብ አስረዳቸው። ኬቨን አልታወረም። ቆዳውን ሊቀይር ነው፤ ሲቀይር በዓይኑ ላይ ያለው ስስ ቆዳም አብሮ ስለሚለቅ ነው የደፈረሰው። ምግብ መተዉም የወጉ ነው፤ ቆዳ ሊቀይር ያለ እባብ አይበላም። አሮጌው ቆዳ እስካሁን መውለቅ ነበረበት፤ በክረምት የቤት ማሞቂያ አየሩን ያደርቀዋል፣ እነሱ ደግሞ በላዩ ቅባት ደፉበት፣ ፍቅፋቂ ለጠፉበት፣ ተያዘ። አሁን የሚያስፈልገው ለብ ያለ ውሃ ነው፤ ጀርባው ላይ የማይደርስ፣ ብቻውን የማይተውበት። እርጥብ ፎጣ ውስጥ እየተሳበ ራሱ ያወልቀዋል፤ መጎተት የለም፣ ዓይኑን መንካት ጨርሶ የለም። ከዚያ ፍቅፋቂው ይውጣና ወረቀት ይነጠፍለት፣ መደበቂያውም ውስጥ እርጥበት ያለው ነገር ይግባለት። ሩት እንደ ፈተና ጥያቄ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታጠናለች። «ውሃው ምን ያህል ይሙቅ?» ብሎ የጠየቀው እሸቴ ነው፤ ራሱም ገረመው። «ሕፃን የምታጥብበትን ያህል» አለው ጎረምሳው። እሸቴ ሕፃን አጥቦ አያውቅም፤ ግን ገብቶኛል ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ዛሬ ያላወቀውን ሁሉ አወቅሁ ማለት ለምዶበታል።

ቤት ሲመለሱ የመታጠቢያ ገንዳው ሰፊ ስለሆነ ሌላ ዕቃ ፈለጉ። ባንኮኒው ላይ፣ ታጥቦ የተደፋ፣ በላዩ ነጭ ፎጣ የተጣጠፈበት ሰማያዊ ሳፋ አገኙ። እሸቴ «እንዴት ያለ ደህና ሳፋ!» ብሎ አነሣው። አይዳ ያን ሳፋ ከነፎጣው ማለዳ አጥባ ለምን እዚያ እንዳስቀመጠችው አንድ አፍታ እንኳ አላሰበም። ቤት ሲባረክ የሚጸለይበት ውሃ በንጹሕ ዕቃ ይቀርባል፤ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ግን ጭንቅላቱን እባብ ሞልቶት ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ሩት ኬቨንን ለብ ባለው የሳፋው ውሃ ውስጥ አኖረችውና በፎጣው ጫፍ ቅባቱን ቀስ እያለች ትጠርግ ጀመር፤ ፍቅፋቂው እየተንሳፈፈ ወጣ። እሸቴ የሽንት ቤቱን ክዳን ዘግቶ ተቀምጧል፣ እግሮቹንም ከወለሉ አንሥቷል። «ጋሼ፣ ያዘው እስቲ» ስትለው «እኔ አመራሩ ላይ ልሁን» አላት። ሩት ሳቀች። ትንሽ ቆይቶ ከአንገቱ የተንጠለጠለው ቆዳ እንደ ካልሲ እየተገለበጠ መንሸራተት ጀመረ። «አየህ! አየህ!» አለች፤ እሸቴም አየ፤ ደስታው ከየት እንደመጣ ሳያውቀው ከክዳኑ ወርዶ ተንበረከከ።

የውጪው በር የተከፈተው ያኔ ነው። አይዳ ከሰዓቷ ቀድማ ወጥታለች። «እንኳን ደህና መጡ አባቴ፣ ይግቡ፣ ጫማዎን ይተዉት» ስትል ተሰማ፤ ቀጥሎም በሌላ ድምፅ፣ «እሸቴ! ያ ቆሻሻ ወጣ?»

«እየ… እየታጠበ ነው! እየታጠብኩ ነው!» አለ እሸቴ።

«ሳፋው የት ሄደ? ለአባ ያዘጋጀሁት ሳፋ!»

እሸቴና ሩት ተያዩ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ አንኳኪዋ አይዳ አይደለችም፤ ከባድ፣ ጨዋ፣ ግን የቸኮለ ማንኳኳት ነው። አባ ሰረቀብርሃን ዛሬ ከዚህ በፊት ሦስት ቤት ባርከዋል፣ በሦስቱም ቤት ሻይ ጠጥተዋል፤ አፓርታማው ደግሞ ያለው አንድ መጸዳጃ ነው። «ልጄ እሸቴ» አሉ በቀስታ፤ «ቶሎ በልልኝ፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ።» እሸቴ «አንድ ጊዜ አባቴ» ብሎ ፎጣውን ሳፋው ላይ ጣል አደረገ። ሩት እጇን ከኋላዋ ደበቀች። አባ ግን ያቺን አንድ ጊዜ መጠበቅ የሚችሉ ሰው አልነበሩም፤ በሩን ገፉት።

ገብተው ያዩት ነገር ሰማያዊ ሳፋ፣ በላዩ ነጭ ጨርቅ፣ አጠገቡ የተንበረከከ ወንድና እጇን ወደ ኋላ ያደረገች ልጃገረድ ነው። ፊታቸው በራ። ችግራቸውን ለአፍታ ረሱት። «እሰይ ወለተ ሚካኤል!» አሉ፣ አይዳን በክርስትና ስሟ እየጠሩ፤ «እንዲህ ያለ ቤት በዚህ አገር አላየሁም። ውሃውን ሸፍና፣ ቤተሰቡን አንበርክካ!» መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡና «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው ሳፋውን ባረኩት። እሸቴ «አባ…» አለ። አባ በግራ እጃቸው ፎጣውን ገለጥ አደረጉት። ከነጩ ጨርቅ ሥር የኬቨን ራስ፣ አንድ ዓይኑ ጠርቶ፣ ምላሱን እያወዛወዘ ቀና አለ።

አባ ሰረቀብርሃን ከዚያ በኋላ ያወጡት ድምፅ በየትኛውም ዜማ ውስጥ የለም። እንዴት እንደወጡ ማንም አላየም፤ ብቻ የሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ቆመዋል፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበዋል፣ ቆባቸው መታጠቢያው ውስጥ ወድቋል። የእባብ ገዳዩ እሸቴ በጩኸታቸው ደንግጦ ገንዳው ውስጥ ገብቶ መጋረጃውን በላዩ ስቧል። ኬቨን ግርግሩን ጠልቶ ከሳፋው ጠርዝ ላይ ፈሰስ ብሎ ወረደና አሮጌ ቆዳውን እየጎተተ ወደ ክዳኑ አመራ። «ወደኔ ነው! ወደኔ ነው የሚመጣው!» አሉ አባ። ሩት ጎንበስ አለች፤ በሁለት እጇ፣ ከመሐሉና ከራሱ በኩል ደግፋ፣ ቀስ አድርጋ አነሣችው። «አይነክስም አባ። ፈርቶ ነው» አለች። በአማርኛ፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ አንድም ሳትሳሳት።

አይዳ በሩ ላይ ቆማለች። እሸቴ በመጋረጃው ስንጥቅ አያት፤ አለቀልኝ አለ በሆዱ። እሷ ግን ወደ እሱ አላየችም። በመጸዳጃው ላይ የተሰቀሉትን የንስሐ አባቷን አየች፣ ገንዳ ውስጥ የተደበቀውን ወንድሟን አየች፣ በመሐላቸው እባብ አቅፋ የቆመች ልጇን አየች። አፏን በእጇ ያዘች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እሸቴ የምታለቅስ መስሎት ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው፤ ከሆዷ የመጣ፣ ግድግዳ የሚያስደግፍ ሳቅ። ሩት እናቷን ትክ ብላ አየቻት፤ ሳቁ ያስቆጣት ወይም ያስደሰታት እንደሆነ መምረጥ ያቃታት መሰለች። ከዚያ እሷም ሳቀች፤ ኬቨን በእጇ ላይ አብሮ ተንቀጠቀጠ። እናትና ልጅ በአንድ ነገር አብረው ሲስቁ እሸቴ ያየው ከሳህሉ መሄድ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አባ ሰረቀብርሃን በእሸቴ ትከሻ ተደግፈው ወረዱ። ቆባቸውን አንሥተው አራገፉት፤ ጺማቸውን አስተካከሉ። ሳቁ ቆመ። አይዳ ፊቷ ተለዋወጠ፤ የጠዋቱ ፍርሃት ተመልሶ መጣባት፤ እሑድ መጣባት።

«ወለተ ሚካኤል» አሉ አባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «በዚህ አገር ያለ ምእመን ወሬ ሲወድ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ አባቴ።»

«አንድ ካህን ክዳን ላይ ወጥቶ ጮኸ ቢባል… ደግ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያኑም ደግ አይደለም።»

«ደግ አይደለም አባቴ» አለች አይዳ፤ ዓይኗ ግን መብራት ጀመረ።

«እንግዲህ እኔ እዚህ ቤት ያየሁት ነገር የለም። እናንተም የሰማችሁት ነገር የለም።» አይዳን መስቀል አሳለሟት። እሸቴን አሳለሙት። ሩትን ግን ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ አድርገው አሳለሟት። «የተባረከው ውሃ አይደፋ። አሁን ግን ሁላችሁም ውጡልኝ፤ ለመጣሁበት ጉዳይ ነው።»

ሳፋውን ወደ ባንኮኒው ወሰዱት። ሩት ኬቨንን መልሳ ውሃው ውስጥ አኖረችው፤ አሮጌው ቆዳ ከወገቡ በታች ብቻ ቀርቷል፤ ከሥሩ የወጣው አዲሱ ቡናማ ያበራል፤ ያለ ቫዝሊን። አንደኛው ዓይኑ ጥቁርና ጥርት ያለ ነው፤ ሁለተኛው ገና ነው። አይዳ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ከሩቅ፣ አንገቷን አስግጋ ታያለች። አንድ እርምጃ ቀረበች። ደግሞ አንድ። እሸቴ ስለ በረንዳው የሆነ ነገር ልትናገር ነው ብሎ ትንፋሹን ያዘ፤ ሩትም የያዘች መሰለው። አይዳ የካፖርቷን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች። ሩት ሕፃን ሳለች በዚሁ ሳፋ ስታጥባት እንደምታደርገው፣ ክርኗን ከእባቡ ራቅ ባለው ጠርዝ በኩል ውሃው ውስጥ ነከር አድርጋ ወዲያው አወጣችው።

«ይሄ ውሃ በርዷል» አለች፤ ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ እየጣደች፤ «ልትገድሉት ነው እንዴ?»